ምስሉ ያልጠፋ ለታ

አደጋው የገባኝ የሐጃ ዘይነብ ቴሌቪዥን ጥርት ብሎ ሲያሳይ ነው። ሌላው ሰው በተኩስ ይደነግጣል፣ በወታደር መኪና ይደነግጣል፤ እኔ የደነገጥኩት በአንድ ድራማ ውስጥ የተኳኳለች ሴት ስትስቅ አይቼ ነው። መጋቢት ከገባ ቀናት አልፈዋል፤ ሰዓቱ ዘጠኝ ነው። በጎረቤቴ በሐጃ ዘይነብ ግቢ፣ ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር፣ የሰሊጥ ወንፊቴን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። በተከፈተው በር ቴሌቪዥኑ ይታየኛል። ያቺ ሴት ትስቃለች፣ ጥርሷ አንድ ባንድ ይቆጠራል። ጠበቅሁ። ዘጠኝ ከአምስት ሆነ፣ ዘጠኝ ከአስር ሆነ። አልጠፋም።

«ሐጃ፣ ዛሬ ምስሉ አልጠፋም?» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ! ፀሐይሽ ዛሬስ ለቀቀችን» ብላ ሳቀች።

እሷ ስትስቅ ወንፊቱ ከጉልበቴ ተንሸራቶ ሰሊጡ መሬት ላይ ፈሰሰ። ልጄ ዝናሽ ከምዕራብ፣ ከወንዙ ማዶ ካለችው ከተማ፣ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትደውልልኝ ነበር። ስልኳ ከተቋረጠ አራተኛ ቀኑ ነው። ሦስቱን ቀን «ፀሐይ ናት፣ ታልፋለች» እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ራሴን ብቻ መች ሆነና! የሐጃ ዘይነብ ወንድም እዚያው ከተማ ነበር፤ እሷንም አረጋግቼ፣ ሰፈሩንም አረጋግቼ ሰሊጤን ሳበጥር ሰነበትኩ። አሁን ፀሐይዋ አልፋለች፣ ምስሉ ተመልሷል፣ የልጄ ስልክ ግን ዝም እንዳለ ነው። ጦርነቱ ልጄ ዘንድ ደርሷል ማለት ነው።

ፀሐይ ደግሞ ከቴሌቪዥን ጋር ምን አገናኛት ትሉ ይሆናል። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፣ እሱንም በአረም ወራት እየተቋረጠ። ይህን ነገር ያወቅሁት ከባሌ ከአያሌው ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። ከመተማ በኩል ወደ ሱዳን ተሻግረን ለሰሊጥ ሥራ ስንመጣ ሁለታችንም ልጆች ነበርን። ያኔ ገዳሪፍ እንዲህ በረክሻ፣ በባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ፣ አልተጨናነቀችም። ውኃ በአህያ ጋሪ ነው የሚዞረው፤ በገበያው መግቢያ ካሴት የሚሸጥ አንድ ሱዳናዊ ነበር፣ ቃሉን ሳያውቅ የኛን አገር ዘፈን እየዘፈነ ወገቡን የሚነቀንቅ። ሴቶቹ በዓመት በዓል የሚለብሱት ቶብ የማንጎና የሎሚ ቀለም ነበረው፤ እኔ አንዱን ለመግዛት ሙሉ አጨዳ ሠርቼ፣ በመጨረሻ ብርቱካንማውን መርጬ፣ ለብሼው ስወጣ አያሌው «ከሩቅ የነደደ ሣር ትመስያለሽ» አለኝ። ሦስት ቀን አኮረፍኩት። አሁን ያ ቶብ ሣጥን ውስጥ አለ፤ ቀለሙ ለቋል፤ እሱ ግን የነደደ ሣር ያለኝን ቃል ይዞት ሄደ።

ዲሽ ያኔ የባለጠጋ ነገር ነበር። የመጀመሪያዎቹ የሰው ቁመት ያህል ነበሩ፣ ዋጋቸውም የጥጃ እናት ላም ዋጋ። ኋላ ነው ትንንሾቹ የመጡት። አያሌው ከአንድ ግብፃዊ ጋር መሰላል እየያዘ ሥራውን ለመደ፤ ግብፃዊው አገሩ ሲገባ ለእሱ ፋይንደሩን ትቶለት ሄደ። ፋይንደር ማለት የተምር ማሸጊያ የምታክል ትንሽ ሳጥን ናት፣ መርፌ አላት፣ ሳተላይቱን ስታገኝ መርፌዋ ትነሳለች፣ እሷም እንደ ትንኝ ትጮኻለች። ሱዳኖቹ ባሌን «አቡ ዲሽ» አሉት። መሰላሉን የምይዘው እኔ ነበርኩ፤ ነጭ ጀለቢያውን ወገቡ ላይ ጠቅልሎ ጣሪያ ላይ ሲወጣ ከታች ቁርጭምጭሚቱን እያየሁ «ማርያም ያዢው» እላለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ፈሪ ነኝ። ፖሊስ እፈራለሁ፣ ሐበሻን እየለቀመ የሚወስደውን ከሻ እፈራለሁ፣ ከፍታ እፈራለሁ። «የሻረግ» ይለኛል ከላይ ሆኖ፣ «አንቺ ከታች ሆነሽ ስትፈሪ መሰላሉ ይንቀጠቀጣል፤ ወይ ፍርሃቱን ልቀቂ ወይ መሰላሉን።»

አንድ መጋቢት ላይ አንድ የሰሊጥ ነጋዴ አስጠራው። «ምስሉ በዘጠኝ ሰዓት ጠፋ» አለው። አያሌው ጣሪያ ወጣ፣ ፈታ፣ አሰረ፣ ምስሉ ተመለሰ። በማግስቱ በዘጠኝ ሰዓት ደግሞ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ነጋዴው ቱግ አለ፦ «አንተ ነህ እያበላሸህ የምታስጠራን!» አያሌው ምን አደረገ መሰላችሁ፣ ከነጋዴው ጎን ምንጣፍ ላይ ቁጭ አለና ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። «እጄ ይኸው፣ ጠብቁት» አለ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ምስሉ ተቆራረጠ፣ ከዚያ ጭራሽ ጠፋ። ነጋዴው የአያሌውን እጅ ያያል፣ ቴሌቪዥኑን ያያል። አያሌው ግን ዲሹን ነበር የሚያየው። ከዲሹ ፊት በክንድ ላይ የተንጠለጠለችውን ነገር እኛ ዓይን እንላታለን፤ የዓይኗ ጥላ ልክ የዲሹ የታችኛው ከንፈር ላይ አርፏል። ፀሐይዋ ከሳተላይቱ ጀርባ መጥታ ቆማለች። ፀሐይ የምትሰጠን ለዓይን የሚታየውን ብርሃን ብቻ አይደለም፤ ዲሽ የሚሰማው ዓይነትም አላት፣ እሱም ከሳተላይቷ ድምፅ ይበልጣል። በትልቅ ሰው ጩኸት መሀል ሕፃን ሲያወራ እንደማይሰማው ማለት ነው። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይታ ታልፋለች።

ከዚያ በኋላ አያሌው ልማድ አወጣ። መጋቢት ሲብትና መስከረም ሲጋመስ፣ ፀሐይዋ ሳተላይቱ ላይ ከመድረሷ በፊት፣ ዲሽ የሰቀለላቸውን ቤቶች በሙሉ ይዞራል። «ፀሐይ ልትመጣ ነው። ሳምንት ያህል በዘጠኝ ሰዓት ምስሉን ታጠፋባችኋለች፣ አትንኩት፣ ታልፋለች» ይላል። ሰዉ እንደ አዋቂ ያየው ጀመር። ሻይ ያቀርቡለታል፣ አንዳንዶቹ ስለ ዝናብም ይጠይቁታል፣ አንዲት አሮጊት ስለ ጠፋ አህያዋ ጠይቃዋለች። እሱ ከሞተ ወዲህ ደግሞ እኔ እዞራለሁ። ዲሽ መስቀል አልችልም፣ መዞር ግን እችላለሁ፤ ያቺ ሳምንት በዓመት ሁለት ጊዜ ሰው በሬን ሳያንኳኳ እኔ የሰው በር የማንኳኳባት ናት። «የአቡ ዲሽ ሚስት መጣች፣ ፀሐይ መጣች» ይላሉ። ለዚህ ነው ስልኩ ሲጠፋ «ፀሐይ ናት» ብዬ ስናገር ሰፈሩ ሁሉ ያመነኝ። ስልክም በሰማይ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። የኛ ስልክ በምድር ማማ ላይ እንደሚሄድና ፀሐይ እንደማትነካው የነገረኝ አልነበረም። የባሌን ቃል ይዤ ከባሌ ቃል አልፌ ሄድኩ፤ የእኔ ጥፋት ይህ ነው።

ዝናሽ ያደገችው በመሰላልና በሽቦ መካከል ነው። ቋንቋዋ ግማሹ ዓረብኛ፣ ግማሹ የጎንደር ነው፤ ስትቆጣ በዓረብኛ፣ ስታለቅስ በአማርኛ። አባቷ ካላዛር ይዞት ሆስፒታል ሲተኛ ደረቱን ራጅ አነሱት፤ ፊልሙን በመስኮት ብርሃን ላይ ይዛ ስታየው ደቂቃዎች አለፉ። «እማ፣ ይህም ብርሃን ነው» አለችኝ። «የምን ብርሃን? ጥቁር አይደል እንዴ?» አልኳት። «ሥጋን የሚያልፍ ብርሃን ነው። የኛ ዓይን አያየውም፣ ፊልሙ ያየዋል።» እንደገና ሌላ ቀን የሪሞቱን ጫፍ ወደ ስልኳ ካሜራ አዙራ ስትጫነው በስልኩ መስታወት ላይ ሐምራዊ ነጥብ ብልጭ አለች። በባዶ ዓይኔ ሳይ ምንም የለም። ዘላለም በእጄ የያዝኩት ነገር፣ እሳት ሲተፋ አላየሁትም።

ዩኒቨርሲቲ ገብታ ፊዚክስ ስትማር ደግሞ ጭራሽ ሌላ ሰው ሆነች። በእረፍት ስትመጣ እኔ ሰሊጥ ሳበጥር አጠገቤ ትቀመጥና ስለ ሰማይ ትነግረኛለች። ሊገባኝ የቻለው በወንፊት ነው። መጀመሪያ በሰፊው ወንፊት እናበጥራለን፤ ሰሊጡ ያልፋል፣ ጠጠሩና ጭራሮው ይቀራል። ከዚያ በጠባቡ፤ አቧራው ያልፋል፣ ሰሊጡ ይቀራል። «ብርሃንም እንዲሁ ነው» አለችኝ። «ረጅምና ሰፊ ሞገድ አለ፣ ዲሹ የሚይዘው። ጠበብ ያለ አለ፣ ሙቀት ነው። ከዚያ ዓይናችን የሚያየው ቀለም፣ ከዚያ ቆዳን የሚያጠቁረው፣ ከዚያ ራጅ፣ ከራጅም የባሰ ደቃቅ አለ። የኛ ዓይን አንዲት ወንፊት ናት እማ፤ በአንዲት ወንፊት ብቻ ያበጠረ ሰው ሰማዩን አየሁ አይልም።» የሰማይ አጥኚዎች ለእያንዳንዱ ዓይነት የየራሱ ዓይን ሠርተው፣ ግማሹን በተራራ ላይ፣ ግማሹን ከምድር አውጥተው እዚያው ጠፈር ላይ እንዳስቀመጡ ነገረችኝ። «በወተት መንገድ መሀል ሀቡብ አለ» አለች፣ ያ በእኛ አገር በክረምት መግቢያ ፀሐይን የሚውጠው የአቧራ ማዕበል። «በዓይን ብታዪው ጨለማ ነው። ግን ሀቡብ ሲመጣ የሐጃ ዘይነብ ቴሌቪዥን ይጠፋል እንዴ?» አይጠፋም። ውጭው ተደፍኖ በእጅ ሲዳሰስ፣ ዲሹ ምስሉን ያመጣል። «የዲሽ ዓይን በአቧራው ውስጥ ያልፋል። እዚያም እንዲሁ ነው» አለች። እኔ እንግዲህ ያን ሁሉ ዓመት ሀቡብ ሲመጣ በር ስዘጋ፣ አንዲት ጥበብ በደጄ ታልፍ ነበር።

አያሌው ከሞተ፣ እሷም ወደ ትምህርቷ ከተመለሰች በኋላ፣ ቤቱ ባዶ ሆነ። ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ፣ አትሳቁብኝ። አያሌው ለጥገና ያስቀመጠው አንድ አሮጌ ቴሌቪዥን ነበር፣ አንቴና የሌለው። ስከፍተው ምንም አያሳይም፤ ነጭና ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ፣ እንደሚበጠር ሰሊጥ ሽሽሽ የሚል። ዝናሽ አንድ ቀን «ከዚህ ሽሽታ ጥቂቷ ከዓለም መጀመሪያ የቀረ ሙቀት ናት» ብላኝ ነበር። ዓለም ሲፈጠር እሳት ነበር፤ እየሰፋ ሲሄድ በረደ፤ የበረደው ሙቀት ግን እስከዛሬ ከየአቅጣጫው ይመጣል፤ አንቴና የሆነ ነገር ሁሉ ትንሽ ይሰማዋል። አማተብኩ። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስገባ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ቴሌቪዥኑን ከፍቼ ሽሽታውን እየሰማሁ እበላለሁ። ሌላ የሚያናግረኝ የለም። ሐጃ ዘይነብ አንዴ ገብታ «አንቺ ሴት፣ ምን እያየሽ ነው?» ስትለኝ «ምንም» አልኳት። ዓለም ስትፈጠር እየሰማሁ ነው ብላት ምን ትለኝ ነበር?

ጦርነቱ ዩኒቨርሲቲውን ሲዘጋ ዝናሽ አልተመለሰችም። እዚያው ምዕራብ፣ ገና ሰላም በነበረችው ከተማ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ማስተማር ጀመረች። የአባቷን ፋይንደርና አንዲት የዲሽ ዓይን ይዛ ነበር የሄደችው፤ ተማሪዎቿን ይዛ በትምህርት ቤቱ ዲሽ ፀሐይን ትለካለች፣ በደብተር ትጽፋለች። «ነይ» እላታለሁ በየቀኑ። «እማ፣ ኻላስ፣ በቃ፣ እዚህ ሰላም ነው፣ አትፍሪ» ትለኛለች። የፈሪ እናት ልጅ ከሆናችሁ የእናታችሁን ፍርሃት ትንቃላችሁ። አልፈርድባትም። እኔ ግን የፈራሁትን ሁሉ ዘመን ፈርቼ፣ መፍራት በነበረብኝ ሦስት ቀን አልፈራሁም።

እና ያ ምስሉ ያልጠፋ ለታ፣ የፈሰሰውን ሰሊጥ ሳላነሳ ለሐጃ ዘይነብ «ተሳስቼ ነው፣ ፀሐይ አይደለችም» ብያት ተነሳሁ። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ወደ መኪና ተራው ሮጥኩ። ከምዕራብ የሚመጡ ሎሪዎች ሰው እንደ ጆንያ ጭነው ይገባሉ፤ ፍራሽ፣ ፍየል፣ የታሰረ አልጋ፣ በድካም የደረቀ ፊት። ሳያቸው የዚያች ከተማ ነገር ያለቀ መሆኑ ገባኝ። እስኪመሽ እየዞርኩ ጠየቅሁ፤ በማግስቱም ገና ሳይነጋ እዚያው ነበርኩ። ፎቶዋን ይዤ ለእያንዳንዱ አሳያለሁ። አቶ ኡስማን የሚባል ሽማግሌ ሾፌር አገኘኝ፤ ድሮ ባሌ ዲሽ የሰቀለለት ሰው ነው።

«የአቡ ዲሽ ልጅ አይደለችም?» አለኝ። «አይቻታለሁ። በሕይወት አለች፣ አትጩኺ። ኬላው ላይ ከመኪና አውርደዋታል።»

«ለምን?»

«ቦርሳዋ ውስጥ የአባቷን መሣሪያ አገኙ፣ ቁጥር የሞላበት ደብተርም። ለአውሮፕላን ምልክት ትሰጣለች ነው የሚሉት። ነገ ወደ ትልቁ ጦር ሰፈር ሊልኳት ነው። እዚያ ከገባች...» ብሎ አቋረጠው፣ እኔም እንዲጨርሰው አልጠየቅሁም።

«ውሰደኝ» አልኩት።

«አንቺ የሻረግ፣ ሁሉም ከዚያ እየሸሸ ነው።»

«ውሰደኝ ነው ያልኩህ፣ አባ።»

ወሰደኝ። ሎሪው ሁሉ ወደ ምሥራቅ ይመጣል፣ እኛ ብቻችንን ወደ ምዕራብ እንሄዳለን። ሜዳው የታጨደ ማሽላ ነው፣ አገዳው ቆሞ ቀርቷል፣ ማለቂያ የለውም። በዚያ መንገድ ላይ አንድም ነገር አልጸለይኩም፤ ከፍርሃት ብዛት ቃል ጠፋኝ። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ኬላው ጋ ደረስን።

በሣር የተከደነ ዳስ፣ ራኩባ የሚሉት፣ አለ፤ ከሥሩ ወታደሮች ከበው ኳስ ያያሉ፣ ቴሌቪዥኑ በሶላር ይሠራል፣ ዲሹ ከጎን አጭር ምሰሶ ላይ ቆሟል። ልጄ በጀሪካን ላይ ተቀምጣለች። አቧራ ለብሳለች እንጂ ደህና ናት። ስታየኝ «እማ፣ ለምን መጣሽ?» አለችኝ፤ በአማርኛ ነው፣ ስለዚህ ልታለቅስ ነው ማለት ነው። አለቃቸው ወፍራም መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሰው ነው፤ ፋይንደሩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎታል፣ እንደ ጊንጥ ራቅ አድርጎ።

«ጀናቡ፣ እናቷ ነኝ» አልኩት። ጀናቡ ሱዳኖች መኮንን የሚያከብሩበት ቃል ነው።

«እናቷ ከሆንሽ ንገሪኝ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«የሟች ባሌ ነው። ዲሽ መትከያ ነው።»

«ዲሹስ የታለ? ዲሽ የሌላት ልጅ መትከያ ምን ያደርግላታል? ይህ ቁጥርስ?»

ዝናሽ በመጽሐፍ ዓረብኛ ጀመረች፦ «ጨረር ነው የምለካው፣ ጌታዬ፣ ፀሐይ የምትለቀውን የሬዲዮ ሞገድ...»

«ይኸው!» አለ መኮንኑ፣ እጁን እያጨበጨበ። «ጨረር ትላለች፣ ሞገድ ትላለች። ፀሐይን ደግሞ ማን ነው የሚሰልል? ፀሐይ የማንም ጠላት አይደለችም።»

«ዝኑ፣ ዝም በይ» አልኳት በአማርኛ።

አንድ ወታደር ዞር አለ፦ «በምን ቋንቋ ነው የምትመካከሩት?»

«ዝም በይ ነው ያልኳት፣ ልጄ። ይህን የማይል የእናት ቋንቋ የለም።» አንዳንዶቹ ሳቁ። ሳቃቸው ትንሽ አበረታኝ። ሰማዩን አየሁ፤ ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው። በዚያ ሳምንት በዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ከሳተላይቱ እምብዛም አትርቅም፣ ከበላዩ ትንሽ ከፍ ብላ ነው የምታልፈው። «ጀናቡ» አልኩት፣ «ዲሻችሁን ስጠኝ። የምትለውን ላሳይህ።»

«ኳሱ!» ብለው ጮኹ ወታደሮቹ።

መኮንኑ አየኝ። «መልሰሽ ካላስተካከልሽውስ?»

«ከልጄ ጋር እቀመጣለኋ።»

በሕይወቴ መሰላል ያዥ እንጂ ዲሽ አዟሪ ሆኜ አላውቅም። ግን ያ ሁሉ ዓመት ከታች ሆኜ ሳይ ነበር። እንደ አያሌው መጀመሪያ ዲሹ የቆመበትን ቦታ በከሰል ምሰሶው ላይ ምልክት አደረግሁ። ፋይንደሩን በዲሹና በሪሲቨሩ መካከል አስገባሁ። ብሎኑን አላላሁና ዲሹን ትንሽ ቀና አደረግሁት። ኳሱ ጠፋ፣ ወታደሮቹ ዋይ አሉ።

«ወደ ፀሐይ አላዞርሽውም እኮ» አለ መኮንኑ። «ፊቱ ወደ ዛፉ ነው።»

«ዲሽ የሚያየው ፊቱ ከሚመስለው ከፍ ብሎ ነው፣ ጀናቡ። ጥላውን ተመልከት።» የዓይኗ ጥላ ቀስ እያለ ወርዶ የታችኛው ከንፈር ላይ ሲያርፍ መርፌዋ ተነሳች። ፋይንደሩ ጮኸ። ዲሹን ከፀሐይ ፈቀቅ ሳደርግ ዝም አለ፤ ስመልሰው ጮኸ። ሦስት ጊዜ። መኮንኑ መነጽሩን አወረደ።

«ባዶ ሰማይ ዝም ነው» አልኩት፣ ዲሹን ወደ ባዶው እያዞርኩ። «አሁን መዳፍህን ከዓይኗ ፊት አድርግ።»

አመነታ፣ ከዚያ እጁን ዘረጋ። መርፌዋ ተነሳች፣ ትንኟ ጮኸች። እጁን እሳት እንደነካው ሰው መለሰ።

«እኔም?»

«አንተም። ሙቀት ያለው ሁሉ ይናገራል፤ ድንጋዩም፣ ዛፉም፣ ሰውም። ልጄ የጻፈችው ይህን ነው፣ ፀሐይዋ በየቀኑ ምን ያህል እንደምትናገር።»

ከኋላ አንዱ «ጀናቡማ ያለ መሣሪያም ይጮኻል» ሲል ሰማሁ፤ ሳቅ ሆነ። መኮንኑ ግን አልሳቀም። መዳፉን እያየ ቀረብ አለኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናቴ ያለችበት ስልክ የለም» አለ። «ይህ... ሩቅ ያለ ሰው ያገኛል?»

«አያገኝም፣ ልጄ። ሙቀት እንጂ ስም አያውቅም።»

ራሱን ነቀነቀ። «ኳሱን መልሺ» አለ።

ብሎኑ ዝጎ ኖሮ ሳጠብቀው ተፈናጥሮ ዲሹ ወደ ጎን ዞረ፤ የከሰሉም ምልክት በእጄ ላብ ተደመሰሰ። ወደ ቀኝ ሳዞር ዝም፣ ወደ ግራ ሳዞር ዝም። አንድ ወታደር «አዲዮስ ኢንጂነሯ» አለ። ዝናሽ ከጀሪካኑ ተነስታ ልትመጣ ስትል መለሷት። ዓይኔን ጨፈንኩ። ሁልጊዜ ከታች ሆኜ ድምፁን ነበር የምሰማው፣ መርፌዋን የሚያያት አያሌው ነበር፤ ስለዚህ በጆሮዬ ፈለግሁት። የጣት ውፍረት ታህል ዝቅ አደረግሁ፣ የጥፍር ታህል ወደ ግራ። ጮኸ። ያ የፀሐይ ወፍራም ጩኸት አይደለም፣ ቀጭኑ ነው፣ አያሌው «አገኘኋት» የሚልበት። ራኩባው ሥር «ጎል!» ብለው ወታደሮቹ ዘለሉ።

መኮንኑ ደብተሩን ለልጄ ሰጣት። ፋይንደሩንም ሰጣት። «ሂዱ፣ ሳይመሽ» አለ።

ኡስማን ሎሪውን አስነሳ። መንገድ ላይ ልጄ ራሷን ጭኔ ላይ አድርጋ ተኛች፤ እኔ እጄን ግንባሯ ላይ አድርጌ ሙቀቷን ስሰማ አመሸሁ። መኪናው በመንገድ ተበላሽቶ አቆመን፤ ገዳሪፍ የደረስነው ሲነጋ ነው። ሐጃ ዘይነብ በሯ ላይ ቆማ ነበር፣ ያልተኛች ትመስላለች። ዝናሽን አየቻት፣ ከዚያ ከኋላችን ወደ ባዶው መንገድ አየች፤ ወንድሟን ነው የፈለገችው። «አላገኘሁትም ሐጃ። ሦስት ቀን አዘናግቼሻለሁ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት። ገብታ ውኃ በሳፋ አምጥታ ከልጄ እግር ሥር ተንበርክካ አቧራውን ታጥብላት ጀመር፣ እንባዋ እየወረደ።

«ደህና ናችሁ?» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

«ደህና ነን ሐጃ» አልኳት። «ቤታችን ገብተናል። ልጄ አለች፣ እኔም አለሁ። ደህና ነን።»